«ነሐሴ ላይ ና»

የገጠር መንገድ ርክክብ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው በበጋ ነው። ግሬደሩ ሥራውን የሚጨርሰው፣ ገረጋንቲው የሚደርቀው፣ የተረካቢ ኮሚቴው መኪናም ሳይንሸራተት የሚገባው ያኔ ነው። በአንድ የሰፈራ ወረዳ ለቁጥጥር የወጣ መሐንዲስ የካቲት ላይ አዲስ የተሠራ መንገድ ሲለካ፣ ከዳር ቆመው ያዩት የነበሩ አዛውንት፣ «ደግ ሠርታችኋል ልጄ፤ ግን ነሐሴ ላይ ና» አሉት።

«ምነው አባቴ፣ ምን አጎደልን?»

«እዚያች ወንዝ ዘንድ ስትደርስ ታየዋለህ።»

ወንዟ ከመንገዱ መነሻ 5 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። በየካቲት ወንዝ ለመባልም አትበቃ፤ ልጆች እርጥብ አሸዋዋን እየጫሩ ውሃ ይቀዱባታል። ሪፖርቱ የመንገዱን ርዝመት 12 ኪሎ ሜትር ይላል። በነሐሴ ግን መንገዱ 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከወንዟ ማዶ ያለውን 7 ኪሎ ሜትር አንድም መኪና አይረግጠውም። ክረምት ከበጋ ያስኬዳል የተባለ መንገድ ሁሉ መለኪያው እዚህ ላይ ነው፤ በኪሎ ሜትር ብዛት ሳይሆን በጣም ደካማ በሆነችው ነጥቡ ይለካል።

ለሰፋሪ ገበሬ ይህ ነገር ከሌላው ገበሬ ይልቅ ይከብዳል። ነባር ገበሬ ያለበት አካባቢ ዘመድ፣ ገበያና የበቅሎ መንገድ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የተዘረጋለት ነው። ሰፋሪው ግን በመኪና ተጭኖ መጥቶ ሜዳ ላይ የወረደ ሰው ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ማግስት ደርግ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ እያነሣ ወደ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ የሀገሪቱ ክፍል ሲወስድ፣ ከትልልቆቹ ጣቢያዎች አንዱ መተከል ውስጥ ያለው ፓዌ ነበር። በበለስ ሸለቆ 82 ሺህ ያህል ሰው በ48 መንደሮች ሰፈረ። መንደሮቹ በስም ሳይሆን በቁጥር ተጠሩ፤ ዛሬም ፓዌ ላይ ሰው አገሩን ሲጠየቅ «መንደር 7 ነኝ» ብሎ ይመልሳል።

ፓዌ ከሌሎቹ የሰፈራ ጣቢያዎች የተሻለ ዕድል ነበራት። በጣሊያን መንግሥት እርዳታ የተጀመረው፣ ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ የሠራው የጣና በለስ ፕሮጀክት መንገድ ጠረገ፣ ሆስፒታል ሠራ፣ ትራክተር አስገባ፣ የአውሮፕላን ማረፊያም አበጀ። ደርግ ሲወድቅ እርዳታው ተቋረጠ፤ የጥገናው ሸክም ግን ቀረ። የጉሙዝ ነባር ነዋሪዎች በዚያ ሁሉ ጠረጋ መሬታቸውንና ደናቸውን ያጡ መሆናቸውም የታሪኩ ግማሽ ነው። መሐንዲስ ካርታ ላይ መስመር ሲያሰምር ይህን ቢያስብ ይበጀዋል፤ ለአንዱ መውጫ የሆነ መንገድ ለሌላው የሌላ ሰው መግቢያ ሊሆን ይችላል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛው ትልቅ የሰፈራ ፕሮግራም ደግሞ 440 ሺህ አባወራዎችን፣ ማለትም 2.2 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ በየክልላቸው ውስጥ ለማስፈር አቅዶ የተነሣ ነበር። መተማና ቋራ ያን ጊዜ በአዲስ መንደሮች ከተሞሉት ቆላ ወረዳዎች መካከል ናቸው።

በእነዚህ ቆላዎች የዝናቡና የእርሻው ቀን መቁጠሪያ ከመንገዱ ጋር ይጋጫል። የበቆሎው ሁለተኛ ዙር ዩሪያ የሚፈለገው መንገዱ ጭቃ በሆነበት በሐምሌ ነው። ሰሊጥ ደርሶ በጊዜ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል፤ አጫጁ የቀን ሠራተኛ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መግባት አለበት፤ መሬቱ ደግሞ ገና አልጠጠረም። ወባ የሚበረታውም በዚያው ሰሞን ነው፤ አምቡላንስ ከወንዙ ወዲህ ቆሞ በሽተኛው በቃሬዛ ይመጣለታል።

ብዙ ጊዜ የማይወራለት ግን የዋጋው ነገር ነው። በጋ ብቻ የሚያስኬድ መንገድ ገበያውን በጥቂት ወራት ውስጥ ያጭቀዋል። ጥር ላይ ሁሉም ገበሬ እህሉን በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ አይሱዙ ይዞ የመጣው ነጋዴም ዋጋውን እንደ ልቡ ይቆርጣል። እህል በሚወደድባቸው በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ውስጥ ትርፍ ያለው ሰው የሚያወጣበት መንገድ የለውም። ከ1986 እስከ 1996 ዓ.ም. በኢትዮጵያ 15 የገጠር መንደሮች የተደረገ የታወቀ ጥናት፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ድህነትን በ6.9 የመቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ውጤቱን ብዙ ሪፖርት ይጠቅሰዋል፤ «ክረምት ከበጋ» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ግን ጥቂቶች ብቻ ያነብቡታል።

ችግሩ ያለው ከእግር ሥር ነው። በሀገሪቱ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት የሸፈነው ጥቁር ዋልካ አፈር ለጤፍና ለሽምብራ የተመረቀውን ያህል ለመንገድ የተረገመ ነው። በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ላዩ ላይ ገረጋንቲ ቢደፋበት፣ ሥሩ ሲርስ በከባድ መኪና ጎማ እየተረገጠ ጠጠሩን ይውጠዋል። በዓመቱ የመጣ ሰው ጠጠር እዚያ ተደፍቶ እንደነበር ለማመን ይቸገራል፤ ኮንትራክተሩን በሌብነት የሚጠረጥርም አይጠፋም፣ አንዳንዴም አይሳሳት ይሆናል።

ስለዚህ የመንገድ ሥራ ግማሹ የውሃ ሥራ ነው። መሃሉ ጉብ ብሎ ውሃውን ወደ ዳር መጣል አለበት፤ የዳሩ ቦይ ደግሞ የያዘውን በየጥቂቱ ወደ ሜዳ ማራገፍ አለበት። ወደ ማን ሜዳ? ሙግቱ እዚህ ይጀመራል። በሰፈራ መንደር ማሳው በገመድ ተለክቶ የተደለደለ በመሆኑ ማንም ትርፍ መሬት የለውም። «ቦዩ ወደ እኔ ማሳ አይወርድም» ያለ ገበሬ ማታ ወጥቶ የቦዩን አፍ በሣርና በድንጋይ ይደፍነዋል፤ በሦስተኛው ዝናብ መንገዱ ራሱ ቦይ ይሆናል። መሐንዲሱ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የጎርፍ መጠን ማስላት ተምሯል፤ ጎርፉን ለመቀበል ገበሬ ማግባባት ግን ማንም አላስተማረውም። በትግራይና በአማራ ክልል የመንገድ ጎርፍን ወደ ኩሬ፣ ወደ ትሬንችና አፈር ወደ ተወሰደባቸው ጉድጓዶች መርቶ ለመስኖና ለከብት ማዋል ተሞክሮ ሠርቷል። ውሃው ጥቅም ሲኖረው ቦይ የሚደፍነው ሰው ይቀንሳል፤ እንዲያውም «ወደ እኔ ይዙር» የሚል ይመጣል።

ሀገሪቱ በዚህ መስክ አልሠራችም ማለት ሐሰት ነው። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1990 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር ከ27 ሺህ ኪሎ ሜትር በታች የነበረው የመንገድ መረብ በ18 ዓመት ውስጥ ከ100 ሺህ አልፏል። ለዚህ ትልቁ ምክንያት በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ሕዝቡ ዩራፕ እያለ የሚጠራው ፕሮግራም ነው። ቀበሌን ሁሉ ከዋና መንገድ ለማገናኘት ወረዳዎች ሥራውን ያዙ፣ አዲስ ተመራቂዎች ተደራጅተው ኮንትራክተርና አማካሪ ሆኑ፣ ሕዝቡም ጉልበቱን አዋጣ። ቀድሞ የመኪና ድምፅ ያልሰማ መንደር መኪና አየ። ነገር ግን ገንዘቡ በኪሎ ሜትር ሲከፋፈል ድልድዩና ቱቦው «በሚቀጥለው በጀት» እየተባለ ወደ ኋላ ቀረ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ስሌት፣ ደህና ይዞታ ላይ ካለ መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚኖረው የኢትዮጵያ ገጠር ሕዝብ 22 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች አይጣሉም፤ አንዱ የተሠራውን ሲቆጥር ሌላው የሚያስኬደውን ይቆጥራል።

በተቆጣጣሪዎች ዘንድ አዋጭ የሚባለው አሠራር ደካማ ነጥቦችን ለይቶ ማከም ነው። 12 ኪሎ ሜትሩን ሙሉ እንደገና ጠጠር ከማልበስ፣ መኪና የሚይዙትን 300 ሜትር ዋልካና ያቺን አንዲት ወንዝ ማበጀት ይቀድማል። ወንዟም የግድ ድልድይ አትፈልግም። ጎርፍ በላዩ የሚያልፍበት፣ በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነባ ዝቅተኛ መሻገሪያ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይዘጋል፤ ውሃው ሲጎድል መኪናው ያልፋል። የጥቂት ሰዓት መዘጋትንና የሁለት ወር መቆረጥን የሚያወዳድር ገበሬ የቱን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ለዋልካው ደግሞ ዶኖ የሚባል የጃፓኖች ዘዴ አለ፤ ጆንያ በአፈር ወይም በጠጠር ተሞልቶ፣ ተሰፍቶ፣ እንደ ጡብ ተደርድሮ ይደቀደቃል። የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ አጋሮቻቸው ጋር በጂንካ አካባቢ እንዲህ ባለ አፈር ላይ የገጠር መንገድ ጥገና አጥንተዋል። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ በሰፋሪው ቤት ሞልቷል፤ መደቅደቂያውም እንጨት ነው። በሰው ጉልበት መንገድ መሥራትን የሚያስተምረው አንጋፋ ማሠልጠኛ ራሱ የሚገኘው በጥቁር አፈሯ በታወቀችው ጊንጪ ነው።

ያ መሐንዲስ ነሐሴ ላይ ሄደ። መኪናውን ወንዟ ዘንድ አቁሞ፣ ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ የአንድ ጎረምሳ ትከሻ ይዞ ተሻገረ። አዛውንቱ ቤታቸው በረንዳ ላይ ቡና አስፈልተው ጠበቁት፤ የልጅ ልጃቸው ደብተር ላይ መኪና ያልገባባቸውን ቀናት አስጽፈው ነበር፤ ከሐምሌ መባቻ ጀምሮ 37 ሆነዋል። መሐንዲሱ ቁጥሩን ገለበጠ፣ የመሻገሪያውን ስፋት በገመድ ለካ፣ ቢሮ ተመልሶም የበጀት ጥያቄ ቅጹን አወጣ። በቅጹ ላይ የመንገዱ ስም በተጻፈበት ረድፍ መጨረሻ «ተጠናቋል» ይላል። ከጎኑ ባለው ባዶ ኅዳግ ላይ በእስክሪብቶ «37 ቀን ዝግ» ብሎ ጻፈበት።