ክብደት ለመቀነስ የተነሳ ሰው ለምን ይደክመዋል?

ክብደት ለመቀነስ ብለው ምግብ ያሳነሱና የአካል እንቅስቃሴ የጀመሩ ብዙ ሰዎች፣ ሁለትና ሦስት ሳምንት እንደሞላቸው አንድ ዓይነት ነገር ያማርራሉ። «ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ደከመኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ያንጎላጀኛል፤ ሌሊት ደግሞ ዓይኔ አይከደንም» ይላሉ። ይህን የሰማ ጎረቤት የሚሰጠው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ስንፍና ነው፤ ጠንከር በል» ይላል። ሌላው «ይቅርብህ፤ ተፈጥሮህ ነው» ይላል።

ሁለቱም መልሶች ጉዳት አላቸው። የመጀመሪያውን የተቀበለ ሰው ምግቡን የባሰ ይቀንሳል፣ የባሰ ይሮጣል፣ በመጨረሻም ይወድቃል። ሁለተኛውን የተቀበለ ደግሞ የጀመረውን ይተወዋል። ክብደቱን እንዲቀንስ የመከረው ሐኪም ከሆነ፣ ምክንያቱም የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ከሆነ፣ መተዉ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ድካሙ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል።

ዱቄትና ጎተራ

ሰውነታችን ሥራውን የሚያከናውነው ከምግብ በሚያገኘው ኃይል ነው። እህል በኪሎ፣ ጨርቅ በሜትር እንደሚለካ ሁሉ የምግብ ኃይል የሚለካው በካሎሪ ነው። ተኝተን እንኳ ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይተነፍሳል፣ አንጎል ይሠራል። በመሆኑም ኃይል ሳይወጣ የሚያልፍ አንድም ደቂቃ የለም።

ከምንበላው የተረፈውን ሰውነት በሁለት ቦታ ያስቀምጠዋል። ነገሩን በአንድ ገበሬ ቤት ብንመስለው ይቀለናል። በጓዳ ጥቂት ዱቄት አለ። በደጅ ደግሞ ጎተራ ሙሉ እህል አለ። ዱቄቱ ጥቂት ቢሆንም ወዲያው ይቦካል፣ ይጋገራል። የጎተራው እህል ብዙ ነው፤ ነገር ግን ወጥቶ፣ ተለቅሞ፣ ተፈጭቶ ካልሆነ እንጀራ አይሆንም።

የሰውነታችን ዱቄት ግላይኮጅን ይባላል። ከእንጀራ፣ ከዳቦ፣ ከድንችና ከመሳሰሉት የተገኘ ስኳር ተጠራቅሞ የሚቀመጥበት መልክ ነው። በአንድ አዋቂ ሰው ጉበት ውስጥ 100 ግራም፣ በጡንቻዎቹ ውስጥ ደግሞ 400 ግራም ያህል ይኖራል። ይህ በጠቅላላው የአንድ ቀን ስንቅ ነው ቢባል ይሆናል። የሰውነታችን ጎተራ ደግሞ ስብ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ያህል ካሎሪ ይዟል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። አሥር ኪሎ ትርፍ ስብ የተሸከመ ሰው 77,000 ካሎሪ ይዞ ይዞራል ማለት ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ስንቅ ይዞ እንዴት ይደክመዋል? መልሱ ያለው ወፍጮው ላይ ነው። ስብ ወደ ኃይል የሚለወጠው በዝግታ ነው። በእርጋታ ስንራመድ ወፍጮው ይደርሳል፤ ጎተራውም ይጎድላል። ስንሮጥ ወይም ዳገት ስንወጣ ግን ጡንቻ ቶሎ የሚደርስ ኃይል ይፈልጋል፤ ያኔ የጓዳው ዱቄት ይጠየቃል። ምግብ አብዝቶ የቀነሰ ሰው ዱቄቱ አልቋል። እግሩ እንደ ድንጋይ የሚከብደው ለዚህ ነው።

ሌላም ልብ የምንለው ነገር አለ። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ዱቄቱ ሲያልቅ ውኃውም አብሮ ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ ሁለት ኪሎ ጎድሎ ቢታይ አብዛኛው ይኸው ውኃ ነው። ወገባቸውን በላስቲክ ጠቅልለው የሚሮጡ ሰዎችም የሚያጡት ላብ እንጂ ስብ አይደለም። ውኃ ሲጠጡ ክብደቱ ይመለሳል፤ ራስ ምታቱና ማዞሩ ግን ትርፍ ነው።

ገቢና ወጪን ማስላት

አንዲት በቢሮ ተቀምጣ የምትሠራ ሴት እንውሰድ። ሰውነቷ በቀን 2,000 ካሎሪ ያወጣል እንበል። ለመክሳት ብላ ቁርስ ተወች፤ ምሳ ግማሽ እንጀራ፣ ማታ ሻይና ትንሽ ዳቦ ብቻ ሆነ። ገቢዋ 900 ካሎሪ ነው። ማለዳ ማለዳ አንድ ሰዓት በፍጥነት ትራመዳለች፤ ይህም 250 ያህል ይወስዳል። ወጪዋ 2,250፣ ገቢዋ 900 ሆነ። በየቀኑ 1,350 ካሎሪ ትጎድላለች ማለት ነው። በቃ፣ የድካሟ ምክንያት እዚሁ ሒሳብ ላይ ቁጭ ብሏል።

ይህች ሴት 1,700 ካሎሪ ብትመገብ ኖሮ ጉድለቷ 550 ይሆን ነበር። በዚህ ሒሳብ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ስብ ይቀንሳል፤ እሷም ሥራዋን ትሠራለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በአንድ ወር እንጣለው ያሉት ክብደት በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ይመጣል።

ጠንካሮቹ ሰዎች ምን ሆኑ?

«እኔ ወኔ የለኝም» እያለ ራሱን የሚወቅስ ሰው ይህን ታሪክ ቢያውቅ መልካም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ገደማ፣ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሙከራ አደረጉ። ዓላማቸው በጦርነቱ የተራበውን ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ሕሊናችን ጦር መሣሪያ እንድናነሳ አይፈቅድልንም ያሉ 36 ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው ለሙከራው ቀረቡ። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1945 ጀምሮ ለ24 ሳምንታት ምግባቸው ከለመዱት ግማሽ ያህል፣ ማለትም በቀን 1,570 ካሎሪ ገደማ ሆነ። በየሳምንቱም 35 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲራመዱ ታዘዙ።

ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ሰዎቹ ጠንካሮች ነበሩ፤ ሆኖም ደከማቸው። በበጋ ሙቀት እንኳ በረዳቸው። ራሳቸውን አዞራቸው፤ በትንሽ ነገር መቆጣት አመጡ፤ ሌት ተቀን ስለ ምግብ ያስቡ ጀመር። የልባቸው ምት ዘገየ። ሰውነታቸው ገቢው እንደቀነሰ ስላወቀ ወጪውንም ቀነሰ። ደመወዙ የተቀነሰበት ሰው መብራት አጥፍቶ፣ ከሰል ቆጥቦ እንደሚኖር ማለት ነው።

እነዚህ ወጣቶች ከመጀመሪያውም ትርፍ ስብ አልነበራቸውም። ስለዚህ የደረሰባቸው ሁሉ በወፍራም ሰው ላይ በዚያው መጠን ይደርሳል አይባልም። ነገር ግን መንገዱ አንድ ነው። ምግብ ከልክ በላይ ሲቀንስና ሥራ ሲበዛ፣ ሰውነት ባለቤቱን «ተቀመጥ» ይላል። በወኔ ብቻ የሚሸነፍ ነገር አይደለም።

ሌሎች የድካም ምንጮች

አንደኛው የእንቅልፍ ማነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ክብደታቸው ከልክ ያለፈ 10 ሰዎች ምግባቸው ተመጥኖ፣ ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ 8 ሰዓት ተኩል፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ 5 ሰዓት ተኩል ብቻ በአልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። በሁለቱም ጊዜ የቀነሱት ክብደት 3 ኪሎ ያህል ነበር። ነገር ግን በደንብ ሲተኙ ከዚህ ውስጥ 1.4 ኪሎው ስብ ሲሆን፣ እንቅልፍ ሲያንሳቸው ስቡ 0.6 ኪሎ ብቻ ሆነ። የቀረው ከጡንቻና ከመሳሰለው የጎደለ ነበር። ማለዳ 11 ሰዓት ተነስቶ ለመሮጥ ብሎ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት የሚያመሽ ሰው ይህን ያስብበት።

ሁለተኛው የደም ማነስ ነው። ደም ኦክሲጅን ለማመላለስ የብረት ማዕድን ያስፈልገዋል። ምግብ የቀነሰ ሰው ብረትም ይቀንስበታል። ይህ በተለይ የወር አበባቸው የሚበዛ ሴቶችን ያጠቃል። ብረት በቀይ ሥጋ፣ በጉበት፣ በምስር፣ በጤፍና በጎመን ይገኛል። ከእህልና ከአትክልት የሚገኘው ብረት ወደ ደም የሚገባው ከሥጋው ባነሰ መጠን ነው። ሎሚ፣ ቃሪያ ወይም ቲማቲም አብሮ ሲበላ ይሻሻላል። ምግቡ ላይ ወዲያው የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን ያስቀረዋል። ስለዚህ ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቢርቅ ይሻላል።

ሦስተኛው የጡንቻ መጉደል ነው። ገንቢ ምግብ ያነሰው ሰውነት ስቡን ብቻ ሳይሆን ጡንቻውንም ይበላል። ጡንቻው የሳሳ ሰው ደግሞ ትናንት የተሸከመው ዕቃ ዛሬ ይከብደዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከምግባችን ላይ መጀመሪያ የሚቀነሰው ሽሮውና ምስሩ አይደለም። ዘይትና ስኳር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ወጥ ሲሠራ ሳይለካ የሚፈሰው ዘይት ብዙ ነው። ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት አንድ ብርጭቆ ሻይ ወደ 50 ካሎሪ ይጠጋል። በቀን አምስት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው ከስኳሩ ብቻ 250 ያገኛል። የአንድ ሰዓት እርምጃ ማለት እኮ ነው! እነዚህን መቀነስ ሆድን ባዶ አያደርግም።

በየማዕዱ ገንቢ ምግብ ይኑር። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ሥጋ፤ አቅምና ጊዜ የፈቀደው ይበላ። ጎመኑም ይጨመርበት። እንጀራው ይቀነስ እንጂ አይጥፋ።

እንቅስቃሴው በእርምጃ ይጀመር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ብንል 150ው ይሞላል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይጨመር፤ ከወንበር መነሳትና መቀመጥም ይሆናል። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ ልኩ ነው። ማውራት ካቃተዎት ፍጥነቱን ይቀንሱ። የዕረፍት ቀንም ይኑርዎት፤ የደከመ ጡንቻ የሚጠገነው በዕረፍት ጊዜ ነውና።

በጾም ወቅት ሳይበሉ የሚውሉ ሰዎች ከባዱን እንቅስቃሴ ወደ ማታ፣ ከምግብና ከውኃ በኋላ ቢያዛውሩት መልካም ነው። ቀን ላይ ቀስ ያለ እርምጃ ይበቃል።

እንዲህ አድርገው ለሁለት ሳምንት ይሞክሩት። ድካሙ በሒሳብ መዛባት የመጣ ከሆነ ይቀላል። ካልቀለለ ግን ሌላ ምክንያት አለውና ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ሐኪም ዘንድ መቼ እንሂድ?

ሚዛን መቀነሱ ብቻውን የጤና ምስክር አይሆንም። በሽታም ያከሳል። ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ከክሳቱ ጋር ካለ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። የማይረካ ጥማትና ሽንት መመላለስ ካለ ስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። «አመጋገቤ ሠራልኝ» ብሎ እየተደሰተ በሽታውን የሚያሳድግ ሰው እንዳይኖር ነው ይህን ማንሳታችን። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ተኝቶ መተንፈስ አለመቻል ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ወደ ሕክምና ነው።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ምግብ መቀነስ የለባቸውም። መድኃኒቱ እንደ ድሮው ሆኖ ምግቡ ሲቀንስ የደም ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ሕመምተኛው መዋጥ ከቻለ በስኳር የጣፈጠ መጠጥ ወዲያው ይሰጠው። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይደረግ ወደ ሕክምና ይወሰድ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱም ከመቀመጫቸው ሲነሱ ካዞራቸው ይናገሩ፤ ክብደት ሲቀንስ ግፊቱም ስለሚወርድ የመድኃኒቱ መጠን መታየት ይኖርበታል።

ጥያቄዎች

1. የሰውነታችን «ዱቄት» ምንድን ነው? «ጎተራው»ስ?
2. በመጀመሪያው ሳምንት የሚቀንሰው ክብደት አብዛኛው ምንድን ነው?
3. በቤታችሁ ለአንድ ድስት ወጥ ስንት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይገባል? ለክታችሁ ካሎሪውን አስሉ።
4. ከምትመገቡት ውስጥ የብረት ማዕድን ያላቸውን ዘርዝሩ። ቡናስ መቼ ትጠጣላችሁ?
5. ድካምን ይዞ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ አራት ምልክቶችን ተናገሩ።