የተረፈው የጥብስ ዘይት ይደፋ ወይስ ይቀመጥ?

 

ሰሞኑን ከተራዊሕ ሶላት በኋላ አንዲት እናት እዚሁ ደብረ ታቦር በመስጂዳችን በር ላይ ጠበቁን። «ሼኻችን፣ ሳምቡሳ የምጠብስበት ዘይት አራተኛ ቀኑ ነው። ጠቁሯል፤ ልጆቹም ቃር ያዘን ይሉኛል። እንዳልደፋው ደግሞ ኢስራፍ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ምን ይሉኛል?» አሉን። ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ስለሆነ መልሱን ለሁላችሁም ልናካፍል ወደድን።

በሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ መብላትና መጠጣት ሲፈቀድልን ማባከን ተከልክለናል። በሱረቱል በቀራ 168ኛው አንቀጽ ደግሞ ምግባችን ሐላል ብቻ ሳይሆን ጠይብ፣ ማለትም ንጹሕና መልካም እንዲሆን ታዘናል። ደጋግሞ የተቃጠለ ዘይት በሐላል ገንዘብ ቢገዛም ጠይብነቱ ጎድሏል። ዘይት በኃይለኛ እሳት ላይ በተጣደ ቁጥር ይበላሻል፤ ጎጂ ነገሮችም ይጠራቀሙበታል። ሲጠቁር፣ ሲወፍር፣ አረፋ ሲያበዛ፣ ሳይግል ሲጨስና ሽታው ሲለወጥ ጊዜው አልፏል ማለት ነው። አዲስ ዘይት ቢጨመርበትም አይድንም፤ እንዲያውም አዲሱን ያበላሸዋል።

የዘይቱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። በክረምቱ መውጫ በቢጫ አበባው የምናውቀው ኑግ ዘይቱ ከመቶ 70 ገደማው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል፣ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችል ጠቃሚ ቅባት ነው። ይሁን እንጂ ሙቀትና ብርሃን ቶሎ ያበላሹታል። ስለዚህ ለወጥ ይስማማል፤ ለተደጋጋሚ ጥብስ ግን አይመችም።

ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት እሳቱን የተሻለ ይችላል። ነገር ግን ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በብርዱ ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ እናገኘዋለን። ብዙዎች ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል ብለው ይሰጋሉ። መርጋቱ ብቻውን የማጭበርበር ማስረጃ አይደለም፤ የቅባቱ ጠባይ ነው። ይህ ቅባት ሲበዛ ግን ለልብ ሕመም የሚያጋልጠውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከምናገኘው ካሎሪ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ የሚመክረው ለዚህ ነው።

የወይራ ዘይት ዛፉ በቁርኣን የተወሳ ነውና ለቻለ መልካም ነው። ያልቻለ ግን አይዘን፤ ኑጋችንም የአላህ ጸጋ ነው።

ለእኒያ እናት እንዲህ አልናቸው፦ «የጠቆረውን ይድፉት። ኢስራፉ ያለው መጀመሪያ አብዝቶ መቅዳት ላይ ነው። ጠባብ ድስት ይያዙ፤ ጥቂት ዘይት ቀድተው ሳምቡሳውን በዙር በዙር ይጥበሱ። እሳቱ እስኪያጨስ አይብዛ። ያልጠቆረ ዘይት ቢተርፍ ሲበርድ አጣርተው፣ ከድነው ጨለማ ቦታ ያስቀምጡና በማግስቱ ለወጥ ያውሉት። ሳምቡሳውም በየቀኑ አይሁን፤ አንዳንዱን ቀን በተምር፣ በሾርባና በቂንጬ ያፍጥሩ።»

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ቀኑን ጾሞ የዋለ ሆድ በቅባት ሲሞላ ቃር ያስነሳል፤ ተራዊሑም ይከብዳል። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ደግሞ ስለ ጾሙም ስለ ምግቡም ሐኪሙን ያማክር።

ከመግሪብ በፊት በመንገድ ዳር ሳምቡሳ የምትጠብሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ለእናንተም አደራ አለን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ከእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ እርጥበት አገኙ፤ ያንን ከገዢ ዓይን የሸፈነውንም ነጋዴ እንደገሠጹት በሐዲስ ተዘግቧል። ጾመኛው ሳምቡሳውን እንጂ የተጠበሰበትን ዘይት አያይም። የሚያምነው እናንተን ነው።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ማዕዳችንንም ጠይብ ያድርግልን። አሚን።