“መማፀኛ ከተሞች” ለስደተኞች የሚሰጡት ከለላ እስከ ምን ድረስ ነው?

አንድ ሰው ቤቱ ተሰብሮ ንብረቱ ቢዘረፍ በመጀመሪያ የሚያደርገው ለፖሊስ ማመልከት ነው። በአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ሳይኖረው የሚኖር ስደተኛ ግን ከሌባው ይልቅ ፖሊሱን ሊፈራ ይችላል። አቤት ለማለት በሄደበት ጣቢያ ወረቀቱን ተጠይቆ ከሀገር የሚባረር ከመሰለው ጉዳቱን ውጦ ዝም ማለትን ይመርጣል። በዚህ ዝምታ የሚጠቀመው ወንጀለኛው ብቻ ነው። በአሜሪካ “መማፀኛ ከተሞች” በሚል ስም የሚታወቁት ከተሞች የሚከተሉት ፖሊሲ በዋናነት ይህን ፍርሃት ለመቀነስ ያለመ ነው።

ስያሜው ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘኍልቍ ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከደም ተበቃይ የሚሸሽባቸው ስድስት የመማፀኛ ከተሞች ተጠቅሰዋል። በኢትዮጵያም ከአሳዳጁ የሸሸ ሰው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ መማፀኑ የቆየ ልማድ ነው። በዚህ ምክንያት ቃሉን የሰማ ሰው ከተማዋ በሯን ዘግታ ሕግ አስከባሪን የምትከለክል ሊመስለው ይችላል። የዛሬዎቹ ከተሞች ግን እንዲህ ያለ ሥልጣን የላቸውም። የፖሊሲው ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ የፌዴራል መንግሥቱን የኢሚግሬሽን ሥራ በከተማው ፖሊስ፣ በከተማው እስር ቤትና በከተማው በጀት አለመሥራት።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1979 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አባላቱ የሰዎችን የኢሚግሬሽን ሁኔታ ለማጣራት ብቻ ምርመራ እንዳይጀምሩ የሚከለክል መመሪያ አወጣ። በ1982 በአሪዞና ግዛት በቱሳን ከተማ የሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቲማላ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች መጠለያ መኾኑን በይፋ አወጀ። በ1987 የኦሪገን ግዛት፣ በ1989 ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የአካባቢ ባለሥልጣናት በኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚኖራቸውን ድርሻ የሚገድቡ ሕጎችን አጸደቁ። ሲያትልም በ2003 ከተወሰኑ የፖሊስ ጉዳዮች በቀር የከተማው ሠራተኞች የባለጉዳይን የኢሚግሬሽን ሁኔታ እንዳይጠይቁ ደነገገች።

ፖሊሲው በተግባር የሚታየው አንድ ሰው በአካባቢ ፖሊስ ሲያዝ ነው። የተያዘው ሰው የጣት አሻራ ለፌዴራል የወንጀል ምርመራ ቢሮ ሲላክ በዚያው ወደ ሀገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ይደርሳል። መሥሪያ ቤቱ ሰውየውን ከሀገር ለማስወጣት ከፈለገ በተለምዶ “አይስ” በሚባለው የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪ ክፍሉ በኩል ለእስር ቤቱ “የማቆያ ጥያቄ” ይልካል። ጥያቄው ሰውየው ዋስ ጠርቶ ወይም ጉዳዩ ተዘግቶ መለቀቅ ከሚገባው ጊዜ በላይ እስከ 48 ሰዓት ታስሮ እንዲቆይ የሚጠይቅ ነው። ጥያቄውን የሚፈርመው የኢሚግሬሽን ባለሥልጣን እንጂ ዳኛ አይደለም። ብዙዎቹ መማፀኛ ከተሞች እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲደርሳቸው ዳኛ የፈረመበት ማዘዣ ካልቀረበ በስተቀር ሰውን ያለ ጊዜው አስረው አያቆዩም።

ለዚህ አቋማቸው የሕግ መሠረት አላቸው። የኢሚግሬሽን ሕግ ማውጣትና ማስፈጸም የፌዴራል መንግሥቱ ሥልጣን ነው። ይኹን እንጂ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 ከጦር መሣሪያ ሽያጭ ጋር በተያያዘ በሰጠው ውሳኔ፣ የፌዴራል መንግሥቱ የግዛትና የአካባቢ ባለሥልጣናትን አስገድዶ የራሱን ፕሮግራም ማስፈጸም እንደማይችል አረጋግጧል። በ2014 ደግሞ አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የማቆያ ጥያቄ ጥያቄ እንጂ ትእዛዝ አለመኾኑን ወሰነ። በዚያው ዓመት በኦሪገን የሚገኝ ፍርድ ቤት አንዲት ሴትን በማቆያ ጥያቄ ብቻ አስሮ ያቆየ የአካባቢ አስተዳደር ሕገ መንግሥቱን መጣሱን በይኗል።

ከተሞቹ ከመከልከል አልፈው ድጋፍም ይሰጣሉ። በኮኔቲከት ግዛት የምትገኘው ኒው ሄቨን በ2007፣ ኒው ዮርክ ደግሞ በ2015 የኢሚግሬሽን ሁኔታን የማይጠይቅ የነዋሪነት መታወቂያ መስጠት ጀምረዋል። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ጠበቃ መቅጠር ለማይችል ሰው መንግሥት ጠበቃ የማቆም ግዴታ የለበትም። ኒው ዮርክ ይህን ክፍተት ለመሙላት በ2013 በከተማው ገንዘብ ለታሰሩ ስደተኞች ጠበቃ የሚያቆም ፕሮግራም ጀምራለች።

የፍርሃቱ ጉዳት በተግባር ታይቷል። የሂዩስተን ከተማ ፖሊስ አዛዥ በ2017 የዓመቱ የመጀመሪያ ወራት መረጃ ላይ ተመሥርተው እንደገለጹት፣ ከላቲን አሜሪካ ማኅበረሰብ የሚቀርበው የአስገድዶ መድፈር አቤቱታ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ከ40 በመቶ በላይ ቀንሶ ነበር። አዛዡ ይህን ያያዙት ተጎጂዎች ከሀገር መባረርን በመፍራታቸው ነው። ተጎጂ ካላመለከተ፣ ምስክር ካልቀረበ ደግሞ ወረቀት ያለውም የሌለውም ነዋሪ ደኅንነት ይጓደላል።

ተቃዋሚዎችም ብርቱ መከራከሪያ ያነሳሉ። በ2015 በሳን ፍራንሲስኮ ከዚያ ቀደም 5 ጊዜ ከሀገር የተባረረ ሰው በያዘው ሽጉጥ አንዲት ወጣት ተመትታ ሕይወቷ አልፏል። የማቆያ ጥያቄ ቀርቦበት የነበረ ቢኾንም የአካባቢው እስር ቤት ከወራት በፊት ለቅቆት ነበር። ሰውየው በኋላ ከግድያ ክስ ነፃ ቢባልም፣ ጉዳዩ ከተሞቹ አደገኛ ሰዎችን ይለቃሉ ለሚሉ ወገኖች ዋና ማስረጃ ኾኗል። ቴክሳስ በ2017፣ ፍሎሪዳ በ2019 መማፀኛ ከተሞችን የሚከለክሉ ሕጎችን አውጥተዋል። ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የካሊፎርኒያ ሕግ በበኩሉ በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸውን ሰዎች በተመለከተ ከፌዴራል መንግሥቱ ጋር መተባበርን ይፈቅዳል።

የፖለቲካው ትግልም አልቆመም። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በ2017ም በ2025ም የከተሞቹን የፌዴራል ገንዘብ ለማቋረጥ ትእዛዝ ሰጥተዋል። በሁለቱም ጊዜ የፌዴራል ዳኞች ትእዛዙ ከሳሽ በኾኑ ከተሞች ላይ እንዳይፈጸም አግደዋል።

ጉዳዩ በአሜሪካ ዘመድ ላላቸው ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ቅርብ ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሲያትልና በዳላስ ነው። ዳላስ የምትገኘው በቴክሳስ በመኾኑ እስር ቤቶቿ የማቆያ ጥያቄን የመቀበል ግዴታ አለባቸው፤ ሲያትል ውስጥ ግን የከተማውም የግዛቱም ሕግ ትብብሩን ይገድባል። በአነስተኛ ጥፋት የተያዘ ሰው በአንዱ ከተማ ወደ ቤቱ ሲመለስ በሌላው ለኢሚግሬሽን ተላልፎ ሊሰጥ ይችላል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2020 ተመሳሳይ ገዳቢ ሕግ ብታወጣም ግዛት ባለመኾኗ ከለላዋ የሳሳ ነው። በነሐሴ 2025 ፕሬዚዳንቱ የከተማዋን ፖሊስ ለ30 ቀናት በፌዴራል ቁጥጥር ሥር ሲያደርጉ፣ የፖሊስ አዛዥዋ አባሎቻቸው ለኢሚግሬሽን መረጃ እንዲያካፍሉ ፈቅደው ነበር።

ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው የከለላው ወሰን ነው። መማፀኛ ከተማ የመኖሪያ ፈቃድ አይሰጥም። የፌዴራል ወኪሎች በከተማው ውስጥ ሰው እንዳይዙም ማገድ አይችልም። ወንጀል የሠራ ሰውም በማንኛውም ከተማ እንደ ሌላው ነዋሪ ይከሰሳል። በ2022 በአሜሪካ ለነበሩ ኢትዮጵያውያን የተሰጠው ዓይነት ጊዜያዊ ከለላም የሚሰጠውና የሚነሳው በፌዴራል መንግሥቱ ውሳኔ ብቻ ነው። ስለዚህ የከተማውን ስም ተማምኖ የጥገኝነት ማመልከቻን ማዘግየት ወይም የፍርድ ቤት ቀጠሮን ማሳለፍ ጉዳቱ ከባድ ነው። የከተማው ፖሊሲ አንድ ስደተኛ በሰላም ልጁን ትምህርት ቤት እንዲያደርስና ሲበደል አቤት እንዲል ያግዘዋል። የመኖር መብቱን የሚያስከብረው ግን በሕግ ባለሙያ ታግዞ በወቅቱ የሚያቀርበው ማመልከቻ ነው።