የሙያ ዝለትና የሚጠቅም ዕረፍት

የሙያ ዝለት በአግባቡ ካልተያዘ የረጅም ጊዜ የሥራ ጫና የሚመነጭ ክስተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ሦስት መለያዎች ሰጥቶታል፤ እነርሱም የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራ በስሜት መራቅና የሙያ ውጤታማነት መቀነስ ናቸው።

በጂንካና በደቡብ ኦሞ የሚያገለግል ባለሙያ ርቀት፣ የቋንቋ ብዛትና ተደጋጋሚ የሌሊት ተረኝነት ይፈትኑታል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. የማርበርግ ቫይረስ በሽታ በጂንካ መከሰቱ ሲረጋገጥ፣ በዚህ ላይ በሥራ ላይ የመያዝ ስጋት ታክሎበታል።

የዛለ ባለሙያ የዮጋ ወይም ሌላ ማረፊያ ከመፈለጉ በፊት ድባቴ፣ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ሕመም እንደሌለበት ሊመረመር ይገባል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ አስቸኳይ ሕክምና እንጂ ጉዞ አይበቃም።

ጠቃሚ ማረፊያ በቂ እንቅልፍ የሚፈቅድ፣ ከሥራ ስልክ የሚያርቅና የሠለጠነ አሠልጣኝ ያለው ነው። ፈውስ ቃል የሚገባ ወይም መድኃኒት አቋርጡ የሚል ሥፍራ ግን ሊመረጥ አይገባም። ሩቅ መሄድም ግዴታ አይደለም፤ ዝግ ያለ አተነፋፈስና ሰውነትን ማፍታታት በቤት ውስጥም ይቻላል። ለአማኝ ደግሞ በገዳም የሚደረግ ሱባዔ የታወቀ የጽሞና ጊዜ ነው።

ይሁንና የዕረፍት ጥቅም ወደ ሥራ ከተመለሱ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይደበዝዛል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) በሐኪሞች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ በግለሰብ ላይ ካተኮሩት ይልቅ የተቋምን አሠራር የሚለውጡ እርምጃዎች የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ስለሆነም ከማረፊያው የሚመለስ ባለሙያ የተስተካከለ የተረኝነት ድልድልና የተሟላ የመከላከያ አልባሳት ሊጠብቁት ይገባል።