ያልተገራ ፈረስና የካርቱም ባለጋሪ

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙባት በካርቱም፥ ሱዳኖች «ካሮ» ብለው የሚጠሩት ጋሪ ከአውቶሞቢል ጋራ እየተጋፋ ሲሠራ ኖሯል። አንዱን አህያ፥ ሌላውን ፈረስ ይስበዋል፤ ጭነቱም ውሃ፥ ጡብ፥ አሸዋ፥ የከብት መኖ፥ ከኦምዱርማን ገበያ የተገዛ የነጋዴ ዕቃ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2023) በከተማይቱ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ቤንዚን ጠፍቶ አውቶሞቢል በየደጁ ሲቆም፥ በሽተኛውንና ሽማግሌውን፥ ሕፃኑንና ጓዙን በብዙ ስፍራ ያሸሸው ይኸው ጋሪ ነበር። እንዲህ ባለው ቀን ሲጭኑት የማይቆም፥ ሲቀርቡት የሚናከስ፥ ከኋላው ሰው ባለፈ ቍጥር የሚራገጥ ፈረስ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያደርስ ከማንም የተሰወረ አይደለም። በሰላሙ ቀንም ቢሆን የባለጋሪው እንጀራ በዚሁ እንስሳ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው፤ አንድ ርግጫ የሰው ጕልበት ይሰብራል፥ አንድ ድንበራ የሙሉ ቀን ጭነት በመንገድ ላይ ይበትናል።

ለዚህ ሁሉ የብዙ ሰው መድኃኒት አለንጋ ነው። ነገር ግን አለንጋው የሚወርደው ፈረሱ ነክሶ ከጨረሰ በኋላ ስለ ሆነ፥ እንስሳው ምቱን ከጥፋቱ ጋራ ሊያገናኘው አይችልም፤ የሚያገናኘው ከመቺው ሰው መምጣት ጋራ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ያው ሰው ሲቀርብ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ሰውዬውም «እልኸኛ ነው» ብሎ ይጨምርለታል። በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

አዋቂ ገሪ አስቀድሞ የሚመረምረው የፈረሱን ጠባይ ሳይሆን ሥጋውን ነው። ጥርሱ ተስሎ ጕንጩን የሚወጋው፥ ማሰሪያው ትከሻውን የላጠው፥ ሰኮናው የተሰነጠቀ ፈረስ ሲናከስ አመል ሳይሆን ሕመም መናገሩ ነው። ለዚህ የሚሆን ዕውቀት በካርቱም አዲስ አይደለም፤ የከተማይቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። መኖውም ይታያል፤ በካርቱም ዙሪያ ለመኖ የሚዘራው ማሽላ «አቡ ሰብዒን» ይባላል፥ ማለት የሰባው አባት፤ በሰባ ቀን ገደማ ስለሚታጨድ ነው። ሣርና እንዲህ ያለ አገዳ ሆድ ይሞላል። ሥራ ፈትቶ የቆመን ፈረስ እህል ማጥገብ ግን ጕልበቱን በሰው ላይ እንዲያወጣው ያደርጋል።

በዚህ ነገር የሱዳን ምድር የጥንት ምስክር አላት። ከካርቱም በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በጀበል በርካል፥ የኩሽ ንጉሥ ፒዬ ያስቀረጸው የድል ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1862 ተገኝቷል። ንጉሡ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት ግብጽን ሲወጋ፥ ኒምሎት የተባለው ገዥ እጁን በሰጠ ጊዜ ወደ ጋጣው ገብቶ ፈረሶቹ በረኃብ መጐዳታቸውን አየ፤ ኒምሎት ከሠራው በደል ሁሉ ይልቅ ይህ እንዳሳዘነው በሐውልቱ ላይ ተጽፏል። ከበርካል ብዙ በማይርቀው በኤል ኩሩ መካነ መቃብርም የዚያ ቤተ መንግሥት 24 ፈረሶች ቆመው ተቀብረው ተገኝተዋል።

ፈረሱ ከሕመምና ከረኃብ ነጻ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ትምህርቱ ይጀመራል። የካርቱም ሙቀት በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ጊዜው ማለዳ፥ ስፍራው የታጠረ ሜዳ ይሆናል፤ መሣሪያውም ልባብና ረጅም ገመድ ብቻ ነው። ሰውዬው በፈረሱ ትከሻ አጠገብ ይቆማል። ከግንባሩ ፊት ለፊትና ከጭራው በስተኋላ ያለችውን ጥቂት ስፍራ ፈረስ አያያትም፤ በዚያ በኩል ድንገት የደረሰበት ሰው ቢረገጥ ጥፋቱ የራሱ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መሸሽ ነው። ገመዱ በቀስታ ይወዘወዛል፤ ፈረሱ ካልሰማ ጥቂት ይጠነክራል፤ አንዲት እግር ወደ ኋላ ባነሣ ጊዜ ግን ገመዱ ወዲያውኑ ይላላል፥ ሰውዬውም ጸጥ ይላል። ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህች መላላት ላይ ነው። ፈረስ የሚማረው ከጫናው አይደለም፤ ጫናው በተነሣለት ቅጽበት ይሠራ የነበረውን ነገር ነው የሚማረው። በፊት እግሩ ሲነሣ ደንግጦ ገመዱን የለቀቀለት ሰው መነሣትን አስተማረው፤ ከቆመ በኋላም እየጐተተ የሚያደክመው መቆም ጥቅም እንደሌለው አስተማረው። ብዙ «ክፉ» ፈረሶች እንዲህ ባለ መምህር የተመረቁ ናቸው።

ቀጥሎ እጅን ከጐኑ አሳርፎ የኋላ እግሩን አሻግሮ እንዲዞር፥ ከዚያም ትከሻውን እንዲያሸሽ መጠየቅ ነው። ፈረሶች በመንጋቸው ውስጥ አንዱ ለሌላው ስፍራ የሚለቅበትን ሥርዓት ብዙውን ጊዜ በጆሮና በአንገት ምልክት ብቻ ይጨርሱታል። ይህን አይተው «ሰው የመንጋው አለቃ መሆን አለበት» የሚሉ አሉ፤ የዛሬ ተመራማሪዎች ግን ፈረስ ሰውን እንደ ሌላ ፈረስ ስለ መቍጠሩ ይጠራጠራሉ። አክብሮት የምንለውም በፈረሱ ዘንድ የጠራ ምልክትና የማይለዋወጥ ልማድ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ሲገፋው ዝም ብሎ ነገ ለዚያው የሚገርፍ ጌታ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይበድላል።

የሚናከሰው ፈረስ ተምር ከእጅ አይጐርስም፤ በባልዲ ይሰጠዋል። ፊቱንም መምታት አይገባም፤ ራሱ የተመታ ፈረስ ልጓም ሊያጠልቁለት እጅ ሲዘረጋ ይሸሻል። አፉን ሲያቀርብ ከተዘጋጀ ክርን ጋራ ራሱ ቢጋጭ ይሻላል። ትምህርቱም ከሩብ ሰዓት ብዙ ማለፍ የለበትም፤ ፈረሱ ደግ ነገር በሠራበት ጊዜ ማቆም የገሪው ብልሃት ነው።

የሰውዬው ቍጣ ቢሰወር ምን አለበት የሚል ቢኖር፥ በበርሊን የሆነውን ያስብ። ቪልሄልም ፎን ኦስተን የተባለ ሰው «ብልሁ ሐንስ» የሚባል ፈረሱ ሒሳብ እንደሚያውቅና መልሱን በሰኮናው እየመታ እንደሚቈጥር ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ኦስካር ፉንግስት ሲመረምር፥ ፈረሱ የሚያነበው ቍጥሩን ሳይሆን ጠያቂው መልሱ ሲደርስ ሳያውቀው የሚያሳየውን እጅግ ጥቂት የራስና የአካል እንቅስቃሴ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያህል የሚያነብ እንስሳ የተናደደ ሰው ትከሻና ትንፋሽ አይሰወረውም።

በኢትዮጵያም የፈረስ ነገር ለሎሌ ብቻ የተተወ አልነበረም፤ የቤተ መንግሥቱ ፈረሶች አለቃ ባልደራስ የሚባል ማዕርግ ነበረው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ መባላቸው በፈረስ ስማቸው ነው። ስሙን ከፈረሱ ጋራ ያስተሳሰረ መኰንን በአደባባይ ፈረሱ ሲጐትተው መታየቱ ምን ያህል ያሳፍረው እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

ፈረስ ለመግዛት ወደ ገበያ የሚወጣ ነጋዴ፥ ሻጩ ጋልቦ ሲያሳየው በሩጫው ከመደነቁ በፊት ልባቡን በገዛ እጁ ይቀበል። ዐሥር እርምጃ መርቶት ይቁም፤ ፈረሱ ቀድሞት ያልፍ እንደ ሆነ ይመልከት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይጠይቀው፤ አራቱንም ሰኮና በየተራ ያንሣ። ከዚያም ገመዱን አላልቶ በአጠገቡ ሌላ ጋሪ እስኪያልፍ ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቅ።