ጆሮ ገብ ማዳመጫና የዋስትና ወረቀቱ

1. መነሻ

አንድ ዕቃ ከጥቂት ባለሙያዎች እጅ ወጥቶ ወደ ሰፊው ሕዝብ ሲደርስ፥ ስሙም የሕዝብ ጉዳይ ይሆናል። በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው፥ ጥራቱ ከፍ ያለ ማዳመጫ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኢቲሞቲክ ሪሰርች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1991 እ.ኤ.አ. ኢአር-4 የተሰኘውን ማዳመጫ ሲያወጣ፥ ዕቃው በአብዛኛው የድምፅ ባለሙያዎችና ሙዚቃን በጥሞና የሚያዳምጡ ሰዎች ነበር። አፕል በ2019 እ.ኤ.አ. ኤርፖድስ ፕሮን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ግን፥ የዚህ ዓይነቱ ዕቃ በተማሪውም በነጋዴውም ጆሮ ይታያል። ከዕቃው ጋር የአጠቃቀም መመሪያና የዋስትና ወረቀት አብሮ ይመጣል። እነዚህን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ሁለት ችግር ይገጥመዋል፤ አንዱ የዕቃው ስም፥ ሌላው ዕቃው ሲበላሽ በገዢና በሻጭ መካከል የሚነገሩት ቃላት ናቸው። ሁለቱ የተያያዙ መሆናቸውን ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

2. የዕቃው ስም

«ማዳመጫ» ከ«አዳመጠ» የወጣ የመሣሪያ ስም ነው። የሐኪሙን የልብ ማዳመጫ ሳይቀር ስለሚያካትት ለይቶ የሚያሳውቅ ቅጽል ያስፈልገዋል። በገበያ «ኤርፖድ» የሚለው የንግድ ስም ገመድ አልባ ለሆነው ሁሉ ሲነገር ይሰማል። ዳሩ ግን በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ኤርፖድስ በጆሮ ቀዳዳ አፍ ላይ የሚያርፍ ሲሆን፥ ኤርፖድስ ፕሮ በሲሊኮን ጫፉ ቀዳዳውን የሚዘጋ ነው። ይህን ልዩነት የማያሳይ ስም ለሙያ ቃልነት አይበቃም።

ሊታሰቡ የሚችሉት ስያሜዎች አራት ናቸው።

ሀ) «ውስጠ ጆሮ ማዳመጫ»፤ ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን በአካል ጥናት «ውስጠኛው ጆሮ» ከታምቡሩና ከመካከለኛው ጆሮ ባሻገር ያለው ክፍል ነው። ማዳመጫው ግን ከታምቡሩ ወዲህ ይቀራል።

ለ) «ተሰኪ ማዳመጫ»፤ በጆሮ የሚሰካውን ከስልክ ከሚሰካው ገመድ ጋር ያምታታል።

ሐ) «ውታፍ ማዳመጫ»፤ የጋንና የጠርሙስ አፍ የሚደፈንበትን ነገር ስለሚያስታውስ አሠራሩን በትክክል ይገልጣል። ሆኖም «ውታፍ ነቃይ» የሚለው ስድብ ጥላውን ይጥልበታል።

መ) «ጆሮ ገብ ማዳመጫ»፤ «ሰርጎ ገብ»፥ «ጣልቃ ገብ»፥ «ባሕረ ገብ» በሚሉት አምሳል የተሠራ ነው። አጭር ነው፥ ከሌላ ሙያ ቃል ጋርም አይጋጭም። «ጆሮ ሸፋኝ» የሚል አቻም ለትልቁ ዓይነት ይገኝለታል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አራተኛውን ይመርጣል።

ጥራቱን የሚያመለክተው «ፕሪሚየም» የሚለው ቃል ብዙ አያከራክርም፤ «ባለ ከፍተኛ ደረጃ» ይበቃዋል። በኢንሹራንስ «አረቦን» የሚባለው ሌላው ፍቺው ወደዚህ እንዳይገባ ብቻ መጠንቀቅ ያሻል።

3. የአገልግሎቱ ቃላት

ዕቃው የተበላሸበት ሰው ወደ ሻጩ ሲሄድ፥ የሚያገኘውን መልስ የሚወስኑት በወረቀቱ ላይ የሰፈሩት ቃላት ናቸው።

«ዋስትና» ከ«ዋስ» የመጣ ነው። ዋስ ስለ ሌላ ሰው ግዴታ የሚገባ ሦስተኛ ወገን ሲሆን፥ በፋብሪካ ዋስትና ግን ሠሪው ለገዛ ሥራው ራሱ ዋስ ይሆናል። ቃሉ በሕዝብ ዘንድ ስለ ጸና ይለወጥ አንልም፤ ነገር ግን «ዋስትና አለው» ብሎ ማቆም አይበቃም። ዋሱ ማን እንደ ሆነ፥ ለስንት ጊዜና ለምን ዓይነት እክል እንደ ሆነ መገለጥ አለበት።

የእክሉ ዓይነት በተለይ ያስቸግራል። የዋስትና ወረቀቶች አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የመጣውን እክል ይቀበላሉ፤ በአያያዝ የደረሰውን አይቀበሉም። ተርጓሚው ሁለቱንም «ብልሽት» ቢላቸው፥ ወረቀቱ «ለብልሽት ኀላፊ ነን፤ ለብልሽት ግን ኀላፊ አይደለንም» የሚል ይሆናል። ክርክር ሲነሣ የሚጎዳው ገዢው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው «ጉድለት»፥ ሁለተኛው «ጉዳት» ይባል፤ «ብልሽት» ለሁለቱ የወል ስም ሆኖ ይቆይ። በጆሮ ገብ ማዳመጫ ደግሞ ሦስተኛ ሁኔታ አለ። የጆሮ ኩክ የድምፅ መውጫውን ወንፊት ሲደፍነው አንዱ ወገን ይደክማል፥ ወይም ጭራሽ ዝም ይላል። ይህ «መደፈን» ነው፤ መፍትሔውም ጽዳት ነው። መመሪያው ይህን ለይቶ ካልነገረው፥ ባለቤቱ ደኅናውን ዕቃ ተበላሸ ብሎ ሊጥለው ይችላል።

«መመለስ»ም እንዲሁ ነው። በየሱቁ የሚለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ መለወጥንና መጠገንን ይከልክል አይከልክል አይናገርም። «በ14 ቀን ውስጥ ይመለሳል» ቢባልም፥ የሚመለሰው ዕቃው ይሁን ገንዘቡ ወይም ተጠግኖ የሚሰጠው አይታወቅም። ተርጓሚው «ዕቃውን መመለስ»፥ «ገንዘቡን መመለስ»፥ «መለወጥ»፥ «ጠግኖ መስጠት» ብሎ ይለያቸው። ማዳመጫው ጥንድ ስለ ሆነም የሚለወጠው አንዱ ወገን ነው ወይስ ጥንዱ የሚለውን አይተው።

የዕቃው ስም ከአገልግሎቱ ጋር የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች ብዙ ሻጮች፥ ማሸጊያው የተከፈተ ጆሮ ገብ ማዳመጫን ለንጽሕና ሲሉ አይመልሱም፤ ጆሮ ሸፋኙን ግን ሊቀበሉ ይችላሉ። ሁለቱን «የጆሮ ማዳመጫ» ብሎ የተረጎመ ሰው፥ ለገዢው ያልነበረ መብት ሰጥቷል፥ ወይም የነበረውን ወስዷል።

በመጨረሻም «ደንበኛ» አዘውትሮ የሚገዛን ሰው ያሳስባል። አንድ ጊዜ ብቻ የገዛ ሰው መብት ሲጻፍ፥ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ እንዳደረገው «ሸማች» ማለት ይሻላል። ለክፍሉ መጠሪያ «የደንበኞች አገልግሎት» የሚለው የተለመደ ስለ ሆነ ይቆይ።

4. ማጠቃለያ

እንግዲህ «ጆሮ ገብ ማዳመጫ»፥ «ጉድለት»፥ «ጉዳት»፥ «መደፈን»፥ እንዲሁም አራቱ የመፍትሔ ግሦች ለውይይት ቀርበዋል። ከእነዚህ የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ቢያቀርብ፥ በሚከተለው ዐረፍተ ነገር ይፈትነው፤ «ጆሮ ገብ ማዳመጫው የፋብሪካ ጉድለት ቢገኝበት፥ ሠሪው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ጥንዱን ይለውጣል፤ በአያያዝ ለደረሰ ጉዳት ግን ኀላፊ አይሆንም።» ገዢውና ሻጩ ይህን አንብበው አንድ ነገር ከተረዱ ቃላቱ ሥራቸውን ሠርተዋል።