ዳገት አልባው መንገድ

አዲስ አበባ ለብስክሌት የምትራራ ከተማ አይደለችም። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የቦሌ አየር ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ ተቀምጧል፤ በመካከል ያለው አብዛኛው መንገድ ወይ ያስለከልካል ወይ ፍሬን ያስይዛል። በቦሌ መንገድ ላይ ያለው ወሎ ሰፈር ከዚህ ጣጣ የተረፈ ነው። ከመስቀል አደባባይ እስከ አየር ማረፊያው ያለው የቦሌ መንገድ በአዲስ አበባ ሚዛን ሜዳ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ ደግሞ በዳርና ዳሩ የብስክሌት መስመርና ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቶለታል። ከሜክሲኮ ተነስቶ በሳር ቤትና በጎተራ የሚዞረው ሌላኛው ኮሪደርም እዚሁ ወሎ ሰፈር ይገጥማል።

ሜዳ መንገድ ተፈጥሮ ካልሰጠች ሰው ይሠራዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ ከጆርጅታውን እስከ ቤተስዳ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው የካፒታል ክረሰንት መንገድ ድሮ የዕቃ ባቡር መስመር ነበር። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1985 ቆመ፤ ሐዲዱ ተነቀለ፤ ዛሬ አስፋልቱ ላይ የሚታዩት እግረኞችና ብስክሌተኞች ናቸው። ለምን እንደማያደክም ግልጽ ነው፦ የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ዳገት ሲበዛበት ይንሸራተታል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን ሞልተው፣ መስመሩን ጠምዝዘው ከፍታው ሳይታወቅ እንዲጨምር ያደርጋሉ።

ከጎኑ ከእሱም የቀደመ ሌላ ሜዳ አለ። ከጆርጅታውን እስከ ካምበርላንድ 297 ኪሎ ሜትር የተቆፈረው የጀልባ ቦይ ደረጃ በደረጃ የተሠራና በየደረጃው የውኃ በር ያለው ነው፤ በበሮቹ መካከል ውኃው ይተኛል፤ በዳሩም ጀልባ የሚጎትቱ በቅሎዎች ይሄዱ ነበር። ቦዩ እ.ኤ.አ. በ1924 ሥራ አቆመ። በኋላ የመኪና አውራ ጎዳና ይሁን የሚል ሐሳብ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1954 ዋሽንግተን ፖስትም ደገፈው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ግን የጋዜጣውን አዘጋጆች «እስቲ አብራችሁኝ ተጓዙ» ብለው ጋበዟቸውና በቦዩ ዳር አብረው በእግር ተጓዙ። ጋዜጣው አቋሙን ለወጠ፤ ቦዩ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። የጋዜጠኛን ሐሳብ በእግር ጉዞ ማስለወጥ መቼም የሚያስቀና ዘዴ ነው።

እኛስ? ከወሎ ሰፈር በኢትዮ-ቻይና መንገድ ጎተራ ሲደረስ የጅቡቲ ባቡር አሮጌ መስመር አካባቢ ይደረሳል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ይህ 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቷል፤ ከለገሀር ወደ አቃቂ የሚወርደውን ለስላሳ መስመር መሐንዲሶች የመረጡት ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ለብስክሌት ከዚህ የተሻለ በከተማዋ ማግኘት ይከብዳል። ለገሀር ላይ ግን የሕንፃ ግንባታው ቀድሟል።

ለአሁኑ ያለው የቦሌ መንገድ ነው። ጧት ቢሆን ይመረጣል፤ ረፈድ ካለ ወደ ሕንፃዎቹ የሚታጠፉ መኪኖች የብስክሌቱን መስመር ያቋርጡታል፤ እግረኛውም ይበዛበታል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው መርሐ ግብር መኪናን ለጥቂት ሰዓታት ያስቆመው ይህን ዓይነቱን ግፊያ ለማስታገስ ጭምር ነበር። ከጆርጅታውን የመጣ እንግዳ ካለ ደግሞ ቀስ ብሎ ይጀምር፦ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ሜዳው ላይም ትንፋሽ ያጥራል።